ሦስተኛው ጥሪ

ኡስታዝ ሸውቂ ነጋዴ ማዋረድ ይወድ ነበር። ሌላው ሰው በዓርብ ቀን ኳስ ያያል፤ እሱ ገበያ ወርዶ በማይገዛው ምንጣፍ ላይ ይከራከራል። ለክብር 'ኡስታዝ' እንበለው እንጂ፣ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈራችን ሹብራ ውስጥ ግን የታወቀው በዋጋ ክርክር ነው፤ ልጁን የሚድር ሁሉ ፍሪጅ ሊገዛ ሲሄድ እሱን ይዞ ይሄዳል።

ሕጉ ቀላል ነው። ዋጋህን ትናገርና ጀርባህን ሰጥተህ ትወጣለህ። ሻጩ ይጠራሃል፤ አትዞርም። ደግሞ ይጠራሃል፤ አሁንም አትዞርም። "የመጀመሪያው ጥሪ ለይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛው ለሙከራ፤ እውነተኛው ዋጋ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው" ይላል። እኔ አንድ ቀን በሁለተኛው ጥሪ ዞሬ ጫማ ገዛሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ጠቁሞ፣ "በስዩኒን ሚስቱ ጥላው የሄደችው ለምን ይመስላችኋል? ጠሪ ሳይኖርም ስለሚዞር ነው" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

መነጽር የምጠግንባት ሱቄ እሱና ሚስቱ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ናት። ገበያ ሲወጣ አጃቢው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ፊቴን አኮሳትሬ "ይቺንማ ሌላ ቦታ በግማሽ ዋጋ አይቻታለሁ" ማለት ነው። እሱ ሲወጣ ደግሞ ትንሽ ወደኋላ እቀርና የሻጩን ፊት አይቼ እነግረዋለሁ።

ሚስቱ ኢንሺራህ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መውጣት አትችልም፤ የባቡሩም ደረጃ አቅቷታል። ታላቅ እህቷ ሰኒያ ታንታ ከተማ ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ሆናለች። ኢንሺራህ ባሏን በዕድሜዋ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጡረታው ገንዘብ ሲወጣ መኪና ገዝቶ እህቷ ሳትሞት እንዲያደርሳት። "እስከዚያ በታክሲ ውሰደኝ" ስትለው፣ "የራሳችንን ልንገዛ ነው፣ ለምን ሌባ አበላለሁ?" ይላታል።

ገንዘቡ ሙቀቱ በረድ ሲል ወጣ። ሸውቂ ግን "አሁን የሚገዛ ጅል ነው" አለ። "የአዲሱ ዓመት ሞዴል ሊገባ ሦስት ወር ቀርቶታል። ያኔ የድሮውን ለማራገፍ እግሬን ይስማሉ።"

ሰኒያ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ኢንሺራህ ስልኩን ዘግታ፣ "እህቴ ሞዴል የምትጠብቅ አልመሰለችኝም፣ ሸውቂ" አለችው።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አላት።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፈርጋሊ የሚባል መኪና ሻጭ ዘንድ ሄድን። ሱቁ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነጭ መኪና ነበረች፤ የወንበሮቿ ላስቲክ አልተገፈፈም። ሸውቂ ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ።

"ይቺ እኮ ፈላጊ ያጣች ናት።"

"የመጨረሻዋ ናት፣ ኡስታዝ። ቀጥሎ የሚገባው በአዲስ ዋጋ ነው።"

"ይሄን ለገጠር ዘመዶችህ ንገራቸው። ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ቀንስ።"

"ከየት አምጥቼ? ኩላሊቴን ልሽጥ?"

"ማን ይገዛሃል፤ ስብ በስብ ነው።"

ፈርጋሊ ለመሳቅ ሞከረ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ሸውቂ ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ።

"ኡስታዝ ሸውቂ! ይመለሱ፣ አሥር ሺህ ልቀንስልዎ!" አልዞረም።

"ኡስታዝ! ሃያ! ለባለቤትዎ ስል!" አልዞረም። ጥግ ላይ ካለው ጭማቂ ቤት ደርሶ የሸንኮራ ጭማቂ አዘዘ። ጀርባውን አየዋለሁ፤ ተዝናንቷል።

ፈርጋሊ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጣራ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝሁት። "አትጥራው" አልኩት። "በሃያው ለእኔ ጻፍልኝ።" ለማንም ያልነገርኩት ገንዘብ ነበረኝ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሸውቂ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ቢጠብቅ የሚጠራው አጣ። ቤቱ ገብቶ ለኢንሺራህ "አንዲት ፓውንድ አልቀንስም አለኝ" አላት። አመሻሽ ላይ መኪናዋን ከደጃቸው ሳቆም ወርዶ ዞራት። "ስንት?" አለኝ። "ባለው ዋጋ" አልኩት። "ተበላህ" ብሎ እየሳቀ ወደ ላይ ወጣ።

አዲሱ ሞዴል ገባ፤ ዋጋው በስልሳ ሺህ ጨምሮ። ሸውቂ "ይወርዳል" አለ። እስከዚያ ኢንሺራህን እኔ ላድርሳት ብለው፣ "የራሳችንን ልንገዛ ነው" አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኒያ ሞተች።

ለቀብሩ ታንታ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ኢንሺራህ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፣ እሱ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ የወንበሩን ላስቲክ እየዳበሰ፣ "እውነቱን ንገረኝ እስቲ፣ በስንት ገዛሃት?" አለኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። "ሃያ ሺህ ቀንሶልኝ" አልኩት። "እርስዎን በሁለተኛው በጠራበት ዋጋ።"

ኢንሺራህ ወደ እኔ ዞረች። "ጠርቶት ነበር እንዴ፣ ልጄ?"

"ሁለቴ። ለባለቤትዎ ስል እያለ።"

"ሰምቶታል?"

"መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እናቴ።"

"ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር እኮ" አለ ሸውቂ ከኋላ። "ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ" አለች። ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ሦስተኛው ጥሪ የት እንደቀረ ግን አልተናገርኩም፤ ዛሬም ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ።

ከቀብር መልስ ሸውቂ ከሟች ቤት በታች፣ መኪናው አጠገብ ቆመ። ኢንሺራህ ተደግፋ በወጣችበት አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በተከፈተው መስኮት ሥር ጀርባዋን ሰጥታን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች።

"ኢንሺራህ! እንሂድ እንጂ፣ ሳይመሽ!" አልዞረችም።

"ኢንሺራህ! ሰው እየጠበቀን ነው!" አልዞረችም።

እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኢንሺራህ፣ በድዬሻለሁ። ነገ እገዛልሻለሁ፣ በፈለጉት ዋጋ። ነይ" አላት።

ከሴቶቹ አንዷ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።

ሁለታችን ብቻ ተመለስን። አሁን ከፊት የተቀመጠው እሱ ነው። ሹብራ ልንገባ ስንል፣ "አራተኛ ልጠራት ይገባ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"ሕጉ የእርስዎ ነው፣ ኡስታዝ" አልኩት።