በአመድ ያጠብኳቸው ድንጋዮች

ሳቂ ልጄ፣ ግን እንዳልኩሽ ጻፊው። ያ የረሃብ ዘመን አልፎ፣ ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ፣ መካነ ሰላም እኛ ቤት አንዲት ዘማች ተማሪ ተመራች። ከወንዝ አምስት ዓሣ አምጥታ ከነድንጋያቸው በርሜል ውስጥ አኖረቻቸው።

"እነዚህ ከተዋለዱልን ኩሬ ቆፍረን እንለቃቸዋለን። ዝናብ ቢቀር እንኳ ሰው የሚበላው አያጣም" አለችኝ።

ረሃቡ ወንድሜን ወስዶብኛል፤ ወላሂ ዓሦቹን እንደ ልጅ ነበር የማያቸው።

አንድ ቀን ድንጋዮቹን ብዳስሳቸው ልጋግ ለብሰው ያሟልጫሉ። የእንግዳ ዕቃ እኛ ቤት እንዲህ ሲቆሽሽ አያሳፍርም? ውሃውን ቀየርኩ፣ ድንጋዮቹን በአመድ ፈግፍጌ አነጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ዓሣ ሞተ፤ አራቱ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ያለከልካሉ።

"እትዬ፣ ድንጋዩን ማን አጠበው?"

"እኔ ነኛ! ልጋጋም ሆኖ!"

እየሮጠች ወንዝ ወረደች። ከብት ከሚጠጣበት ዳር ከነልጋጉ ድንጋይ ለቅማ፣ ውሃም ቀድታ መጣች። ይቺ ልጅ አበደች አልኩ። በሁለተኛው ቀን ግን አራቱም ሽር ብትን ይላሉ!

"ማን አዳናቸው?" አልኳት።

አንዱን እርጥብ ድንጋይ መዳፌ ላይ አኖረችው። "እዚህ ላይ ያሉት ተሕዋስያን። ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ እየበሉ፣ ውሃ ውስጥ ለሚበቅለው ሣር ምግብ ያደርጉታል። በዓይን አይታዩም እንጂ፣ እዚች ድንጋይ ላይ ብቻ ከወሎ ሕዝብ ይበልጣሉ።"

ድንጋዩን ቀስ አድርጌ በርሜሉ ውስጥ መለስኩት።

"ያ ረቢ! ታዲያ እኔ ስንቱን ነው በአመድ የፈጀሁት?"