ከመምህሩ ጋር ወደ ጫንጮ

ባጃጁ የመታኝ ቡራዩ፣ ከቤታችን ብዙም ሳልርቅ ነው። የጠዋት ሩጫዬን ጨርሼ አስፋልቱን ስሻገር ከጎን መጥቶ ግራ ቅልጥሜን ሰበረው። ያን ጊዜ በሕይወቴ የመጀመሪያ ለሚሆነው ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነበር። ሰው ከብቦኝ መሬት ላይ ተዘርሬ እንኳ ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ውድድሩ ነው። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ "እህቴ፣ ደህና ነሽ? ተናገሪ እስቲ" ሲለኝ፣ "ስብራት ለመዳን ስንት ወር ይፈጃል?" ብዬ መልሼ እሱኑ ጠየቅኩት። እሱ ምን ያውቃል።

ማራቶኑ ያለ እኔ ተሮጠ። እግሬ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ከርሜ፣ ጀሶው ሲወጣልኝ ቀጥኖ የሌላ ሰው የመሰለ ቅልጥም ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የምሠራው ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ ቆሜ እያየሁ ክር የተበጠሰበትን ቦታ ምልክት አደርጋለሁ። እግሬን የምትከታተለው ፊዚዮቴራፒስት "ቶሎ መሮጥ ከፈለግሽ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፤ አስፋልት ላይ ሳይሆን ሣር ላይ" አለችኝ። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ፣ ወደ ታክሲ ከመሄዴ በፊት፣ ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ኳስ ሜዳ ላይ እያነከስኩ መዞር ጀመርኩ።

መምህሩን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከሜዳው ዳር በቆሙ ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በወገብ ልክ ረጅም የፕላስቲክ ገመድ ተወጥሯል። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ቀጭን ሰው እጃቸውን ገመዱ ላይ እያንሸራተቱ ይሮጣሉ። ዛፉ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ገመዱ ላይ የታሰረ የጨርቅ ቋጠሮ መዳፋቸውን ይነካዋል፤ ያኔ ይቆሙና ዞረው፣ በሌላው እጃቸው ይዘው ይመለሳሉ። ደግመው ደግመው። ዓይነ ስውር መሆናቸውን ያወቅኩት የቋጠሮው ነገር ሲገባኝ ነው።

"እንደምን ዋሉ?" ብዬ ላልፍ ስል ቆሙ።

"ደህና፤ አንዱ እግርሽ ጮክ ብሎ ይረግጣል፣ አንዱ ግን ያንሾካሹካል። ምን ሆኖ ነው?"

"ተሰብሮ ነው። ገና እየዳነ ነው።"

"ትሮጪ ነበር?"

"ማራቶን ልሮጥ ነበር።"

"እኔም እኮ" አሉ።

እዚያው ሰበታ፣ ዓይነ ስውራን በሚማሩበት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ናቸው። ለዓመታት እጃቸውን ይዞ ያስሮጣቸው የነበረ የሥራ ባልደረባቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሲሄድ፣ ሩጫውን ላለማቆም ገመድ ገዝተው አሰሩ። "ሩጫ ነው እንዳይባል አጭር ነው፤ አይደለም እንዳይባል ያልበኛል" እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ተገናኘን። እሳቸው ገመዱን ይዘው ይሮጣሉ፣ እኔ ጎን ለጎን እራመዳለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ "አሁን ትንሽ ትንሽ ሶምሶማ" ብላ የፈቀደችልኝ ዕለት ከፋብሪካው በር እስከ ሜዳው የሄድኩበትን አላስታውሰውም። ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ከመምህሩ ጎን ስነሳ ልቤ እንደ ሰርግ ከበሮ ይመታ ነበር። ከዛፉ እስከ ዛፉ ብቻ ነው። ግን ነፋስ ፊቴን ነካኝ። ለብዙ ወራት ነፋሱ ነበር የሚያልፈኝ፤ ያን ቀን እኔ ሄድኩበት። ዛፉ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ መምህሩም አፍንጫዬን ስስብ ሰምተው "አመመሽ?" አሉኝ። "አላመመኝም" አልኳቸው። ዛፉን ይዘን ትንፋሻችንን ሰበሰብን።

"እንግዲያው ከዚህ ሜዳ አውጪኝ" አሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ።

ከፋብሪካው ተረፈ ምርት ላይ ጠንካራ የጨርቅ ጠርዝ አመጣሁና አንዱን ጫፍ በእሳቸው አንጓ፣ ሌላውን በእኔ አሰርኩ። ከሜዳው ወጥቶ በጤፍ ማሳዎች መካከል የሚያልፍ ቀጥ ያለ ጥርጊያ መንገድ አለ። ቀስ ብለን ጀመርን። ገመዱ ያልቅ የነበረበትን ያህል ስንሮጥ እጃቸው ሳያስቡት ቋጠሮ ፍለጋ ወደ ፊት ተዘረጋ። ቋጠሮ የለም። ቀጠልን። ያንኑ ያህል ደግመን ሮጥን፤ አሁንም የለም። ያኔ መሳቅ ጀመሩ፤ እየሮጡ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ከሆዳቸው ነበር የሚስቁት። ማሳ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቀና ብለው እስኪያዩን ድረስ ሳቁ። እኔም ተጋባብኝና ሁለታችንም መሮጥ አቅቶን ቆምን።

አንድ ችግር ነበረብን፤ አክብሮት። "መምህር፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ቀኝ ይጠጉ፣ ጉድጓድ…" ብዬ ሳልጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ቁርጭምጭሚታቸውን እያሹ "ስሚ" አሉኝ፣ "ቆመን ስንሄድ አንቱ በይኝ። ስንሮጥ ግን አንተ ነኝ። ቀኝ፣ ግራ፣ ዝለል፣ በቃ። የአንቱታው ርዝመት ይገድለኛል።" አባቴን የሚያክሉ ሰው አንተ ማለት መጀመሪያ አፌ ላይ እሾህ ሆኖብኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን "ዝለል!" ብዬ ስጮህ ራሴን ማመን እስኪያቅተኝ ለመድኩት።

ሱሉልታ ላይ ማራቶን እንደሚካሄድ ስንሰማ ማናችን ቀድመን "እንሮጥ" እንዳልን እስካሁን እንከራከራለን። ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቱ ገጥሟል። ፊዚዮቴራፒስቷ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝና አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ "እግርሽን ሲያምሽ ጣትሽን አስቀምጪበት። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም ከሆነ አጥንቱ ነው፣ ያኔውኑ ቁሚ። በመዳፍሽ ሙሉ ከሆነ ግን ጡንቻ ነው፤ አሳርፊውና ቀጥይ።"

እናቴ ነገሩን ጨርሶ አልወደደችውም። "እሳቸው ዓይን የላቸው፣ አንቺ እግር የለሽ፤ ማን ማንን ሊያነሳ ነው?" አለች። አንድ እሑድ መምህሩ ለልምምድ ቡራዩ ድረስ መጡ፤ በገፈርሳ በኩል ዳገቱን ሮጠን ቤት ገባን። እናቴ ምሳ አቅርባላቸው ሲበሉ አፍጥጣ ካየቻቸው በኋላ "ልጄን አደራ" አለቻቸው።

"እትዬ" አሉ መምህሩ ጉርሻቸውን ውጠው፣ "አደራውስ የእኔ ነበር። የታሰርኩት እኔ ነኝ።"

እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። ውድድሩን ለማየት ግን እንደማትመጣ፣ ስወድቅ ማየት እንደማትችል ቁርጡን ነገረችኝ።

የውድድሩ ቀን ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፏል። ሯጩ ሁሉ እየዘለለ፣ እጁን እያሻሸ፣ ከአፉ እንፋሎት እያወጣ ይጠብቃል። አንጓችን ላይ ያለውን ጨርቅ ያዩ "በርቱ" እያሉ ትከሻችንን ነኩን። ጨርቁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ፈሩ እንዴ?" አልኳቸው።

"አልፈራሁም። ስንት ሰው ነው ያለው? እስቲ ንገሪኝ።"

"ፊት ለፊት ማለቂያ የለውም። ከኋላችንም አለ።"

"መሐል ነን ማለት ነው" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "መሐል ሆኜ አላውቅም።"

የማስጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ ያ ሁሉ እግር አንድ ላይ ተነሳ። እንደ ዶፍ ዝናብ ነበር ድምፁ። እኔ ለራሴ "ቀስ፣ ቀስ" እላለሁ፣ ደሜ ግን እሺ አይለኝም። ሰው እየገፋን፣ እየገፋነው፣ "ግራ፣ ቀኝ፣ ጠበብ በል" እያልኩ ከከተማዋ ወጣን። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፤ ግራና ቀኙ እስከ ተራራው ሥር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ፀሐይዋም ወጣች።

"ምን አለ?" ይላሉ መምህሩ።

"ላሞች። የድርቆሽ ክምር። ነጭ ፈረስ።"

"ፈረሱ ምን ያደርጋል?"

"ያየናል።"

"ይየን" አሉና ፍጥነት ጨመሩ። እኔ ነኝ መሪዋ፣ የምጎተተው ግን እኔ ሆንኩ። ጨርቁን ሳብ አድርጌ መለስኳቸው።

ከመንገዱ ዳር የቆሙ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በትራቸውን ከፍ አድርገው "ጀባዻ፣ ጀባዻ" አሉን፤ በርቱ ማለታቸው ነው። መምህሩ ድምፁ ወደመጣበት ዞረው "ገለቶማ፣ ኦቦ" ብለው አመሰገኑ። አዛውንቱ መልሱን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው፣ በትራቸውን ይዘው ትንሽ መንገድ አብረውን ሮጡ።

ጫንጮን አልፈን መመለሻው ላይ ዞርን። እስከዚያ ድረስ ግራ እግሬ እንዳለ ረስቼው ነበር። ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ፤ ፀሐይዋም ከረረች። ብዙ ሰው ቀድሞን ሄደ። ሱሉልታ ሩቅ ሆና መታየት ስትጀምር ቅልጥሜ ውስጥ አንድ ነገር ያዘኝ። ሳላቆም ቀጠልኩ፤ መምህሩ ግን ሰሙ።

"ግራው ዝም አለ" አሉ። "ቁሚ።"

"ምንም አይደል።"

"ቁሚ አልኩሽ።"

ቆምን። ጣቴን የተሰበረው ቦታ ላይ አስቀመጥኩና ተጫንኩ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም። ዝቅ አደረግኩ፣ ከፍ አደረግኩ፤ የሚያመኝ ከኋላ፣ ባቴ ሙሉ ነው፣ ድንጋይ ሆኗል።

"በጣት ነው በመዳፍ?" አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ውስጥ ከእኔ የበለጠ ፍርሃት ነበር።

"በመዳፍ" አልኩ። "መምህር፣ በመዳፍ ነው።"

በረጅሙ ተነፈሱ። ትከሻቸውን ደግፌ ባቴን ሳብኩት፣ ጮህኩ፣ እንደገና ሳብኩት። ከዚያ መራመድ ጀመርን፤ ቀጥሎ ሶምሶማ። በዚህ መሐል የደከሙ ሯጮችን የምትሰበስብ ፒካፕ መጥታ ከጎናችን ቀስ አለች። ከላይ የተቀመጡት ብርድ ልብስ ለብሰዋል።

"ግቡ፣ እናድርሳችሁ" አለ ሾፌሩ።

"የት?" አሉ መምህሩ ሩጫቸውን ሳያቆሙ።

"መጨረሻው ጋ ነዋ።"

"እኛም ወደዚያው ነን" አሉት።

ፒካፗ ላይ ያሉት በሳቅ ፈነዱ፤ አንዱ ማፏጨት፣ ሌላው ማጨብጨብ ጀመረ። መኪናዋ አልቀደመችንም። ከኋላችን እየተከተለች፣ ጡሩንባዋን እየነፋች፣ እኛን አጅባ ሱሉልታ ገባች። ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተነሳ። ባቴ ያመኛል፣ ደረቴ ይቃጠላል፣ ግን በዚያ ጡሩንባ ፊት እንዴት ተብሎ ይቆማል? እንደ ሙሽራ ነበር የገባነው።

የመጨረሻውን መታጠፊያ ስንዞር ግን ልቤ ቀጥ አለ። መግቢያው ላይ በአየር ተነፍቶ የቆመው ትልቅ በር እየተነፈሰ ነው፤ ሠራተኞች ማሰሪያውን እየፈቱ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ የአንዱን ሠራተኛ ክንድ ይዛ ትጨቃጨቃለች። እናቴ ናት። አልመጣም ያለችው እናቴ።

"ልጄ አልገባችም እያልኩህ!" ትላለች። "ሳትገባ በሩን ምን አድርጊ ብለህ ነው የምትዘጋባት?"

ከዚያ ጡሩንባውን ሰምታ ዞረች። እጇን ወደ እኛ ዘረጋች። ሠራተኛውም አየን። ጓደኞቹን ጠራና፣ የላላውን በር አራት ሆነው ከሥር ገብተው በእጃቸው ወደ ላይ አነሱት። አንዱ ጎን ቀና፣ ሌላው ዘመም ብሎ፣ ሠራተኞቹ እየሳቁ፣ "ቶሎ፣ ቶሎ፣ ከበደን" እያሉ ተሸክመው ያዙልን። በዚያ ሥር ሮጠን ገባን።

"ገባን?" አሉ መምህሩ።

"ገባን።"

"በሩ የታለ? ልንካው።"

ሠራተኞቹ ዝቅ አደረጉላቸው። መምህሩ ሁለት መዳፋቸውን የላላው ፕላስቲክ ላይ ዘርግተው ዳሰሱት፣ ጉንጫቸውን አስጠጉት። "ግንብ ነበር የመሰለኝ" አሉ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ላባቸውን ትጠርግላቸው ጀመር፤ ቀጥላ እኔን፤ ቀጥላ ራሷን።

አጥንቱ ምንም አልሆነም። ባቴ ግን ሰኞ ጠዋት የፋብሪካውን ደረጃ ወደ ኋላ እየሄድኩ እንድወርድ አድርጎኛል። ማሽን ላይ የሚሠሩት ሴቶች ከበቡኝ፤ ከወላይታ የመጣች አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ ባቴን ጫን አደረገችውና ስጮህ ጊዜ ሁሉም ሳቁ። እኛ ክፍል ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ጨርቅ የሚታየው ተቁሞ ነው፣ መቀመጥ ክልክል ነው። እሷ ግን ከመጋዘን የክር ካርቶን ጎትታ አመጣች፣ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ሠራሁ። የበላይ ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ጣሪያው ነበር የሚያየው።