ወንድሜ ፒያኖ ሲቃኝ

ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱ ተለያይቶ ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ አሮጌ ፒያኖ ነበር። ግማሽ ሰፈር ተጋግዞ ከኢሱዙ ላይ አወረደው። ጥርሱ የወላለቀ ቁም ሣጥን!

«ምን ሊያደርግልህ ነው?» ስለው፣ «ልጄ ለፋሲካ ትመጣለች። ይሄን ካገኘች ትሰነብታለች» አለኝ። ልጅቱ የቀረችው ከእናቷ ጋር ነው። ከዚያ በፊት አንዴ አያቷን ልትጠይቅ መጥታ አንድ ሌሊት ብቻ አድራ ተመልሳ ነበር። በአሮጌ ሣጥን ሊያባብላት ነው እንግዲህ!

ኮረኮንቹ መንገድ ሽቦዎቹን አላልቷቸው ነበር። ባለሙያ እዚህ ከየት ይመጣል? ጌታው ራሱ ሊቃኘው ተነሣ። ከጋራዥ የብሎን መፍቻ ተዋሰ። በስልኩ የሚያየው ትምህርት ኔትወርክ ሲጠፋ ሲጠፋ አስቸገረውና አባታችንን አጠገቡ አስቀመጠ። «አባባ፣ እርስዎ ድምፅ ይስጡኝ» አላቸው። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዜሙ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ያዜማሉ፣ እሱ በእሳቸው ልክ ሽቦ ያጠብቃል።

ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። አባታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሽሯቸውን ከበሉ በኋላ ግን ቤቱን ያናውጡታል። ወንድሜ የፒያኖውን ግራ የቃኘው ሳይበሉ፣ ቀኙን የቃኘው ከበሉ በኋላ ነው። ነገርኩት። «አንቺ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። እሱ ብሎ አዋቂ!

ልጅቱ በፋሲካ ማግሥት ደረሰች። ቦርሳዋን በር ሥር እንዳስቀመጠች ፒያኖውን ገለጠላት። ከግራ ጀምራ ወደ ቀኝ ስትነካካው መሃል ላይ ድምፁ ዘለለ።

«አባዬ፣ ይሄማ ተበላሽቷል» አለች።

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። ይበለው አልኩ በልቤ።

አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «የለም ልጄ፣ አልተበላሸም። ይሄ እኔ ስራብ ነው፤ ያኛው ስጠግብ» አሏት።

ልጅቱ በሣቅ ፈረሰች። ግራውን ነክታ «ራበዎት?»፣ ቀኙን ነክታ «ጠገቡ?» እያለች ስትጫወት ዋለች። ሲመሽ ማንም ሳይጠይቃት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባች። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። ጅል!

ያንን ሣጥን ዛሬም እንቀዋለሁ። ዘንድሮ «ባለሙያ አስመጥቼ በደንብ ላስቃኘው» ሲል ግን፣ በሩ ላይ ቆሜ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።