የሚሸተው ወሩ ነው

ልጆቼን አጥብቄ ካስተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰው ቤት የተሰጣችሁን ውሃ ሳትጨርሱ ጣሳውን እንዳታስቀምጡ የሚል ነበር። ይህን ለማስያዝ አለንጋም አንስቻለሁ። ዛሬ ሳስበው አንገቴን ያስደፋኛል።

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ትልቋ ልጄ መምህርት ሆና ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ባለች ትንሽ ከተማ ተመደበች። ምደባ ከመጣ መሄድ ነው። ለብቻዋ ላለች ሴት ልጅ የሚሆን ማረፊያ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ሱቅ ያላቸው የአንዲት ሶማሌ ባልቴት ግቢ። እሳቸው እምቢ ካሉ ልጄ መግቢያ የላትም። ስለዚህ መስከረም ላይ ፍራሿን በጭነት መኪና አስጭኜ ራሴ ወሰድኳት።

ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጥን ሴትዮዋ በጣሳ ውሃ ሰጡን። የተቀዳው ከጓሮ ካለው ቢርካ ነው፤ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ ከተለሰነ ጉድጓድ። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል፤ ውሃው ወርዶ ፀሐይ ሲያሞቀው ከርሟል። ተጎነጨሁ። የረጠበ አፈር ሸተተኝ። ጉንጬ ውስጥ ያዝኩት፣ መዋጥ ግን አቃተኝ። ሴትዮዋ ያዩኛል፣ ልጄም ታየኛለች። ተነስቼ ደጃፉ ላይ ተፋሁት።

ያኔ ይቅርታ ጠይቄ ዝም ብል ነገሩ እዚያው በቀረ። እኔ ግን ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁ፣ የልጆቼን የሳይንስ መጻሕፍት በኩራዝ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ያወቅሁትን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ሐፍረቴን በዕውቀት ልሸፍን ብዬ ጀመርኩ። በቆመ ውሃ ላይ አልጌ የሚባል አረንጓዴ ነገር እንደሚበቅል፣ ውሃው ሲሞቅ እንደሚራባ፣ የአፈሩ ሽታ ከእሱ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። የሞቀ ውሃ ሽታውን ይበልጥ ወደ አፍንጫ ስለሚያወጣው፣ ሻያቸውም ሳይሸት እንደማይቀር ጨመርኩ። ገና ያልቀረበልኝን ሻይ ነቀፍኩ። በተናገርኩት ውስጥ ስህተት አልነበረም፤ እዚያ ቤት ሊነገር የሚገባም አልነበረም።

ሴትዮዋ አማርኛን ከአስተማሪና ከወታደር ደንበኞቻቸው ነው የለመዱት። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ውሃው አይደለም» አሉ። «የሚሸተው ወሩ ነው።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። «አንቺስ ትጠጫለሽ?»

ቤቱ የሚገኘውም የሚታጣውም በዚህ ጥያቄ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ልጄ ጣሳዋን እስከ ታች ጠጣች። ቀጥላ የእኔን አንስታ ጨረሰችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኤዶ» አለቻቸው። ኤዶ በሶማልኛ አክስቴ ማለት ነው፤ ከማን እንደተማረችው አላውቅም። ወደ እኔ ሳትዞር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ሴትዮዋ ክፍሉን ሊያሳዩአት ይዘዋት ገቡ። እኔ ፍራሹን ላወርድ ወጣሁ፤ ከመኪናው ጥላ ሥር ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ።

ታኅሣሥ ላይ ልጠይቃት ተመለስኩ። ዝናብ ዘንቦ ቢርካው ሞልቷል፤ ሌሊቱም መቀዝቀዝ ጀምሯል። ሴትዮዋ ከሱቃቸው ሆነው ሲያዩኝ፣ የውሃው ሐኪም መጣ ብለው ልጄን ተጣሩ። ጣሳ ሙሉ ውሃ አቀረቡልኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታ የሚባል የለውም። መጽሐፉ እንዳለው ነው፤ ይህን ግን አልተናገርኩም። ጨረስኩትና ይድገሙኝ አልኩ።

ሴትዮዋ እየቀዱ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጄ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ምን እንዳሉ ብጠይቃት አልነግርህም አለችኝ። ለአባቷ እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ሁለተኛውን ጣሳ ተቀብዬ፣ እስከ ታች ጠጣሁት።