ጋሽ ሰሌዳ እና ሰባተኛው መገንጠያ

በፓርኩ ግቢ ውስጥ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ከተገኘ እሱ የሠራተኞችን ፋይል የሚይዘው ጸሐፊ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "ጋሽ ሰሌዳ" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጎብኚዎች መንገድ የሚያሳዩትን ሰሌዳዎች ሲቆርጥ፣ ሲበይድ፣ ሲቀባና ሲተክል ኖሯል። "ወደ ወንዙ"፣ "ወደ ድንኳን መትከያው"፣ "ከመኪና መውረድ ክልክል ነው"፣ "እንስሳትን አትመግቡ"፤ በዚያ ሁሉ ሜዳና ጫካ ውስጥ የሚነበብ ነገር ካለ የእሱ እጅ ያረፈበት ነው።

ጎብኚው እንስሳቱን ለማየት ከስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። ጋሽ ሰሌዳ ግን የሚያውቃቸው በጥፋታቸው ነበር። ዝንጀሮ ማለት ለእሱ ብሎን ፈትቶ የሚሮጥ ሌባ ነው። ጎሽ ማለት ቀለም እስኪደርቅ እንኳ የማይታገስ ባለጌ ነው። ዝሆንን በተመለከተ ባይጠየቅ ይመርጥ ነበር። ዝሆን ምሰሶ ካየ ሳይታከክበት አያልፍም፤ ዝሆን የታከከበት ምሰሶ ደግሞ ቆሞ አያድርም።

ከጋራዡ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ወርክሾፑ ለዚህ ምስክር ናት። ግድግዳዋ ላይ ለመቀቢያ ፊደል የተቆረጠባቸው ካርቶኖች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ቀለም ማቅጠኛው ከበሩ ጀምሮ ይሸታል። ጥግ ላይ ደግሞ የተጣመሙ፣ የተቆለመሙ፣ አንዳንዶቹም እንደ ክር የተጠመዘዙ ብረቶች ተከምረዋል። አንዱን ብረት ለማቃናት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ አንድ ዝሆን ለማጣመም የሚፈጅበት ደግሞ ጀርባውን አንድ ጊዜ እስኪያክ ነው።

ይሄም ሁሉ ይቻል ነበር፤ አንጀቱን የሚያሳርረው ቅጹ ነው። አዲስ ብረት ከዕቃ ግምጃ ቤት ለማውጣት "የንብረት ጉዳት ማሳወቂያ" የሚባል ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት መሙላት አለበት። ወረቀቱ ላይ "የአጥፊው ስም" የሚል ቦታ አለ። መጀመሪያ ጊዜ "ዝሆን" ብሎ ሞላው።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችና መለሰችለት። "ሙሉ ስም ነው የሚለው።"

"ዝሆን ሙሉ ስም ከየት ያመጣል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ፊርማውም የለም። አጥፊው መፈረም አለበት።"

"ሄደሽ አስፈርሚዋ!" አለና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ፣ በአጥፊው ቦታ የራሱን ስም ጽፎ፣ ፈርሞ ብረቱን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በፓርኩ መዝገብ ላይ ከማንም በላይ ሰሌዳ የሰበረ ሰው እሱ ራሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሰባተኛው መገንጠያ ነበር። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ወንዙ ይወስዳል፤ ጎብኚዎች ጉማሬና ወፍ የሚያዩበት፣ ምሳቸውን የሚበሉበት ነው። ግራው ወደ ማጡ ነው፤ ዝሆኖች ጭቃ የሚታጠቡበት፣ ከፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች በቀር ማንም የማይሄድበት። ዝሆኖቹ ታጥበው ሲመለሱ በመገንጠያው ያልፋሉ፤ ጭቃው ሲደርቅባቸው ይበላቸዋል፤ የሚያገኙት ምሰሶ ደግሞ የጋሽ ሰሌዳ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ተክሎታል። በአራተኛው ጊዜ እልህ ያዘውና እስከ ወገቡ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ ምሰሶውን በጫማው እየረገጠ "በል አሁን ና!" አለ።

ማታ እራት ላይም ወሬው ይኸው ነበር። ሚስቱ ጎብኚዎች በሚያድሩበት ሎጅ የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ነው የምትውለው፤ ቤት ስትገባ የምትፈልገው ጸጥታ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ "ዝሆን አግብተህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አታወራላትም ነበር።"

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፓርኩ ኃላፊ ስልክ ደወለለት። ኃላፊው ሁሌም እርጋታ የሚያበዛ፣ በጨዋ ቃል የሚወጋ ሰው ነበር።

"ጋሼ፣ ሰባተኛው መገንጠያ ላይ ያለው የእርስዎ ሰሌዳ ሰው ማጥ ውስጥ ከቷል።"

"የኔ ሰሌዳ?"

"አንድ ቤተሰብ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ገና ስልካቸው ያዘ። ሰሌዳውን ተከትለን ነው የመጣነው ይላሉ። እስቲ ከስካውቱ ጋር ሄደው ይዩልኝ።"

ስካውቱ የፓርኩን ፒክአፕ ይዞ መጣና ሄዱ። መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ሰሌዳ ዓይኑን ማመን አቃተው። ምሰሶው አልወደቀም። ሲሚንቶው አልተነቃነቀም። ዝሆኑ መጣል ሲያቅተው ሰሌዳውን የያዘውን ቀለበት በጀርባው ገፍቶ አዙሮታል፤ "ወደ ወንዙ" የሚለው ቀስት በኩራት ቀጥ ብሎ ወደ ማጡ ያመለክታል።

"ይሄማ ሆን ብሎ ነው!" አለ ራሱን ይዞ። "ስማኝ፣ ይሄ እንስሳ ይጠላኛል።"

ስካውቱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቤተሰቡን ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ አገኙት። ትንሽዬ የከተማ መኪና እስከ በሯ ጭቃ ውስጥ ተቀብራለች። አባትየው ጣሪያው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። እናትየው ከኋላ ሁለት ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች። ከፊት ደግሞ የእናትየዋ እናት፣ አንዲት አሮጊት፣ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ።

አባትየው ፒክአፑን ሲያይ ከጣሪያው ዘሎ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። "ሰሌዳውን የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣" አለ ጋሽ ሰሌዳ።

"ወንዙ የታለ? አሳየኝ እስቲ! ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚህ ተገትረናል! ዝሆን በዚህ በኩል፣ ዝሆን በዚያ በኩል! ልጆቼ ቢያልቁስ? ማንበብ ትችላለህ ለመሆኑ? ቀኝና ግራ ትለያለህ?"

ጋሽ ሰሌዳ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ አራቱ ጉድጓዶች ሊናገር ነበር። ግን ጫማውን ጭቃው ውስጥ አጥቶ የቆመውን ሰው ሲያይ ተወው። ገመዱን አወጣና መኪናዋን ከፒክአፑ ጋር ማሰር ጀመረ።

አሮጊቷ በመስኮቱ ብቅ አሉ። "አትቆጣው። እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል። ወንዙ ጋ ቢወስደን ምን ልናይ? ዳክዬ? አርባ ዝሆን ቆጠርኩ፤ አንዷ ግልገሏን ይዛ እዚህ በኔ በኩል ነው ያለፈችው፤ ሽፋሽፍቷን አየሁት።"

"እማዬ እባክሽ!" አለች ልጃቸው ከኋላ።

"ዝም በይ፣ እውነቴን ነው። አንተስ ልጄ፣ ምነው እንዲህ ፊትህ ጠቆረ?"

ጋሽ ሰሌዳ ገመዱን እንደያዘ ዘረገፈላቸው። ቁጭቱ ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ስለነበር አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። አሮጊቷ ኦቾሎኒያቸውን እየቆረጠሙ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"እኔ ላም ነበረችኝ፣" አሉ ሲጨርስ። "የቤቴን መቃን እየታከከች ልትጥልብኝ ሆነ። ብመታት፣ ባስራት፣ እምቢ። በኋላ ግቢው መሐል አንድ ሻካራ ግንድ ተከልኩላት። በሩን ተወችልኝ። እናንተ ለነዚህ መታከኪያ ሰጥታችኋቸዋል?"

ጋሽ ሰሌዳ ስካውቱን አየው። ስካውቱም እሱን አየው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስንት ባለሙያ መጥቶ፣ ስንት ስብሰባ ተደርጎ፣ ስንት ጥናት ተጽፎ! ጭራሽ ኦቾሎኒ የሚበሉ እናት በመስኮት ይነግሩት! ደስ ሊለው ሲገባ ይባስ ተናደደ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባ። "ሰሌዳ የሌለው ምሰሶ መትከል እፈልጋለሁ።"

"ሰሌዳ የሌለው? ምን ተጽፎበት?"

"ምንም። መታከኪያ ነው፤ ለዝሆን።"

ኃላፊው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አንኳኳ። "ጋሼ፣ የዓመቱ ዕቅድ ውስጥ የዝሆን መታከኪያ የሚል አልተካተተም። ለሚቀጥለው ዓመት በጽሑፍ ያቅርቡልኝ።"

ጋሽ ሰሌዳ አልጠበቀም። ከስካውቱ ጋር ሆኖ መብረቅ የጣለውን የግራር ግንድ በፒክአፑ ጎተቱና ከሰሌዳው ኋላ ሃያ እርምጃ ገባ ብለው ተከሉት። ሳምንት ሙሉ ማለዳ ማለዳ እየሄደ ያየዋል። ግንዱ ላይ የተቀመጠች ወፍ እንጂ ሌላ ነገር የለም። በስምንተኛው ቀን ሰሌዳው ከነሲሚንቶው ተነቅሎ ተጋድሞ አገኘው።

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ። "በቃኝ። ሥራ እለቃለሁ። ጎብኚውን የፈለገው ይምራው።"

ሚስቱ የሎጁን ዩኒፎርም እያወለቀች "ግንዱን የት ነው የተከልከው?" አለችው።

"ከሰሌዳው ኋላ።"

"እነሱ የሚመጡት ከማጡ አይደል? እያሳከካቸው መጥተው መጀመሪያ የሚያገኙት ሰሌዳህን ነው። እሱን አልፈው ግንድ ፍለጋ ይሂዱልህ? እኔ እጄ እርጥብ ሆኖ ፎጣ ጓዳ ድረስ እሄዳለሁ? ቅርቤ ባለው ቀሚሴ ነው የምጠርገው።"

ጋሽ ሰሌዳ ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። ልክ መሆኗ አናደደው።

በማግስቱ ከስካውቱ ጋር ሰሌዳውን መልሰው አቆሙ፤ ግንዱን ነቅለው ከማጡ በሚመጣው ዱካ ላይ፣ ከመገንጠያው መቶ እርምጃ አስቀድመው ተከሉት። በሦስተኛው ቀን የግንዱ ቅርፊት እስከ ዝሆን ትከሻ ድረስ በጭቃ ተለስኖ ተገኘ። ሰሌዳውን ማንም አልነካውም። ወር ሞላው፤ አልነካውም። ሁለት ወር። ኃላፊው ለበላይ አለቆቹ በላከው ሪፖርት ላይ "ጽሕፈት ቤታችን ባደረገው ጥናት መሠረት" ብሎ ጻፈ። ጋሽ ሰሌዳ ይህን ሲሰማ ወርክሾፑ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሰው የማይሰማው ስድብ ተሳደበ።

ሚስቱ በበኩሏ እሁድ ዕረፍት ስታገኝ "ሃሳቡ የኔም ነው፤ ውሰደኝና ልይ" አለችው። ከሎጁ አጥር አልፋ ፓርኩን እንደ ጎብኚ ገብታ አታውቅም። እሱም ቢሆን መሰላልና አካፋ ሳይዝ ገብቶ አያውቅም። ስካውቱ ወሰዳቸውና ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ብዙም አልቆዩም፤ አንዲት ትልቅ ዝሆን ጭቃ እንደለበሰች ከዱካው ብቅ አለች። ግንዱ ጋ ስትደርስ ዞረች፣ ታፋዋን አስደገፈችና ቀስ ብላ ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ጀመረች። ዓይኖቿ ተከደኑ። ቆዳዋ ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ድምፅ መኪናው ድረስ ይመጣል። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እያት፣" አለ ጋሽ ሰሌዳ በሹክሹክታ። "እያት እንዴት እንደምትጫነው! ርኅራኄ የላትም። ሥሩ እኮ ብዙ አልገባም። በዚህ አያያዟ ክረምቱን አያወጣም። ወፍራም ግንድ መፈለግ አለብኝ፤ እሱን ደግሞ የሚጎትት ትራክተር ማን ይሰጠኛል? ለትራክተር ራሱን የቻለ ሌላ ቅጽ አለ..."

"እባክህ ጭንቅላትህን ከመስኮቱ አንሳልኝ፣" አለችው ሚስቱ፣ "አልታይ አለኝ።"