እህቴ ጥርሷን ስታስተካክል

እኔና ታናሽ እህቴ የአባታችንን ጥርስ ነው የወረስነው። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶች አንዱ በአንዱ ላይ ተጭነው የበቀሉ፣ የቀኙ ክራንቻ ደግሞ ከረድፉ ወጥቶ ከንፈር የሚገፋ። አባታችን ወንድ ስለሆነ ማንም ምንም አላለውም። እኔ ግን ገና ተማሪ ሳለሁ የሻሼን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ መሳቅ ለመድኩ። እህቴም እኔን እያየች እንደዚያው ስትስቅ አደገች።

ጁባ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ የምንሸጥበት ሱቅ ከፈትን። እህቴ ከዓመታት በኋላ ተከትላኝ መጥታ አንድ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ተቀጠረች፤ አትላባራ ሰፈር ባለው ቤታችን አብራን ትኖራለች። ኢትዮጵያ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኛ የማይተናነስ አንዲት ደቡብ ሱዳናዊት ደንበኛ አለችን። እህቴን መጀመሪያ ያየቻት ቀን፣ ማንም ሳያስተዋውቃት፣ ጥርሳችሁ ይናገራል፣ እህትማማቾች ናችሁ አለችን። እህቴ አፈረች። እኔ ደስ አለኝ። በሰው አገር የሚመስለኝ ሰው ነበረኝ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ እህቴ በሠራተኛ ትኬት ናይሮቢ ሄዳ ሰንብታ መጣች። በተመለሰች ዕለት ራት ሲቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከአፏ አንድ ነገር አወጣችና ትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ ከተተችው። ምንድነው ስላት ከፍታ አሳየችኝ። የጥርሷን ቅርጽ የያዘ፣ እንደ ውሃ የጠራ ስስ ፕላስቲክ ነው። አላይነር ይሉታል አለች። እንደ ጥርስ ማስተካከያው ሽቦ ጥርስ ላይ ተለጥፎ አይቀርም፤ ስትበላ ታወልቀዋለች፣ ከዚያ ውጭ ቀንም ሌትም አፏ ውስጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በሌላ ትቀይረዋለች፣ እያንዳንዱም ጥርሷን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ቦታው ያስገባዋል። መልሳ ስታጠልቀው ቀርቤ ካላየሁ በቀር ያደረገች አትመስልም።

ያማል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይጫነኛል እንጂ አያምም አለች። ከዚያ ግን አላስቻለኝም።

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«በዚህ ዕድሜሽ ብለሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወራቱን ሙሉ ቅናት ይዞኝ ከረመ። ጠዋት ስትነሳ ከዓይኗ በፊት የማየው ጥርሷን ነው። ክራንቻው ወደ ረድፉ ሲመለስ፣ ከላይ የተጫነው ጥርስ ሲላቀቅ፣ ከእሷ እኩል ነበር የምከታተለው። ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጥታ ከእኔ ጋር የምትጠጣውን ሻይ ተወች፤ ፕላስቲኩን ያጠቁረዋል አለች። ቀዝቃዛ ውሃዋን ይዛ ፊቴ ስትቀመጥ ኩራት መሰለኝ። የሰፈሩ አሮጊቶች፣ የታች የፊት ጥርሳቸው በወጋቸው መሠረት በልጅነት የተነቀለላቸው፣ አንሶላ ሊያዩ ገብተው አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ በእነሱም ቀናሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ፣ ማሻአላህ፣ የእህትሽ ፈገግታ እንዴት አማረ አለ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ያን ቀን እስኪመሽ አላናገርኩትም። ያቺ ደንበኛችንም ከርማ መጥታ ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችና፣ አሁንስ አትመሳሰሉም አለች። እህቴ ሻሿን ሳትነካ ሳቀች።

አንድ ጁምዓ እንግዶች ምሳ ጠርተን ነበር። እህቴ ማስቀመጫዋን ለማምጣት ሰው ፊት መነሳት አሳፍሯት፣ የላይኛውን አላይነር አውልቃ በሶፍት ጠቀለለችና ሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው። እንግዶቹ ሲሄዱ ሶፍቱ የለም። ከተረፈው ምግብ ጋር ተጠራርጎ ግቢው ጀርባ ቆሻሻ የምናቃጥልበት ጉድጓድ ተጥሏል። እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ክሊኒኩ ሌላ እስኪያሠራ ጥርሴ ወደነበረበት ይመለሳል ብላ ፈርታለች።

ይመለስ አልኩ በሆዴ።

ይህን ካልኩ በኋላ እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጥቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ በእንጨት መቆፈር ጀመርኩ። እሳቱ ገና አልተለኮሰም። እህቴ ተከትላኝ መጣች። ከሩዝና ከሐብሐብ ልጣጭ መሃል ብዙ ሶፍት ፈታሁ፣ በመጨረሻ አገኘሁት። ላጥበው ስሄድ ሙቅ ውሃ እንዳይሆን፣ ይጣመማል አለችኝ። በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ እጄ ላይ ወደ ብርሃን ያዝኩት። የአባታችን ጥርስ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ቀንቼብሻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም እጠብቅ ነበር፣ መቼ ትነግረኛለች ብዬ። ነይ አብረን እንሂድ።»

ባለቤቴ ሱቁን ያዘልኝና አብረን ናይሮቢ ሄድን። ሐኪሟ አፌን አይታ ፎቶ አስነሳችኝ። ከዚያ እያዘነች፣ የእህትሽ ዓይነት አይሆንሽም አለችኝ። ከኋላ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ቀደም ሲል ስላስነቀልኩ የቀሩት ጥርሶቼ ወደ ክፍተቱ ተጋድመዋል፤ እነሱን ለማቃናት የሽቦው ብሬስ ነው የሚሻለው። እህቴ እጄን ያዘች። እኔ እጄን ነጠቅኩ። እዚያ ወንበር ላይ ተጋድሜም፣ የእሷን ማንም አላየውም፣ የእኔን ግን ጁባ ሁሉ ሊያየው ነው ብዬ ተናደድኩ። ቢሆንም አስገጠምኩት።

አሁን ሱቅ ውስጥ ስናገር ሰው ሽቦዬን ያያል። አንዳንዱ ጌጥ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥርሴ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አልሃምዱሊላህ፣ ግን ብዙ ይቀረዋል። እህቴ ጨርሳለች፤ ጥርሷ እንዳይመለስ ፕላስቲኩን ማታ ስትተኛ ብቻ ነው የምታደርገው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ መጣች። ለእኔ ሽቦው እንዳይላቀቅብኝ መጋጥ ክልክል ነው። ፊቴ ተቀምጣ ከዳር እስከ ዳር ጋጠችው፤ እኔ በቢላ ፈልፍላ የሰጠችኝን በማንኪያ ለቀምኩ።

«ልጨምርልሽ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት፣ አፏን እያየሁ።