ቦታው የጠፋበት ማስታወቂያ

የመናኸሪያዋን ሴትዮ ድምፅ የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ ፊቷን ያየ ግን ጥቂት ነው። ከቲኬት መሸጫው በላይ አንድ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን ብቻ የምትይዝ ክፍል አለች። እዚያች ውስጥ ከንጋት ጀምራ ትጣራለች። «ሁለተኛ በር የቆማችሁ፣ መኪናችሁ አራተኛ በር ነው። አራተኛ በር የቆማችሁ ደግሞ በከንቱ ነው የቆማችሁት።» ሰው ይስቃል። እሷ ግን ቀልዳ አይደለም፣ ደክሟት ነው። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «እትዬ መናኸሪያ» ይላታል። ባሏ እንኳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲናደድ «ቀስ በይ፣ እኔ አውቶቡስ አይደለሁም» ይላት ነበር አሉ።

ድምፅ ያለው ሰው ደግሞ መቼ ያርፋል! ቤተ ክርስቲያኗ ማስታወቂያ አንባቢ አደረገቻት። ማን ታመመ፣ ማን ቁልፍ ጣለ፣ የማን ልጅ ጫማ ተቀያየረ፣ ሁሉም በእሷ አፍ ያልፋል። ይህ ሳያንሳት ሌላ ተጨመረባት፤ የሦስቱ ቤቶች ስብሰባ።

ሦስቱ ቤቶች የሚባሉት ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ጸሎት ቤቱ ናቸው። አንዲት ባዶ ሜዳ ዙሪያዋን ከበው ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በሩን ወደ ሜዳዋ ከፍቷል፣ መስጊዱ ፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ጸሎት ቤቱ ጀርባውን ሰጥቷታል። ከዓመታት በፊት ከአንዱ ግቢ አጥር ላይ «በጨለማ ያላችሁ ወደ ብርሃን ኑ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ። ጎረቤትም በድምፅ ማጉያ መለሰ። ሌላው ጎረቤት ደግሞ መዝሙሩን ከፍ አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩ ሕፃን አልተኛም። ጨርቁን የጻፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ዛሬ የልጆች አባት ስለሆነ ይለፈው። ሽማግሌዎቹ ቢቸግራቸው «ጠቡን ያመጡት የሚናገሩትና የሚጽፉት ናቸው፤ እነሱው ይገናኙ» ብለው ፈረዱ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

የመስጊዱ ሰው ሐጂ ሽቦ ናቸው፤ ማስታወቂያ ተናጋሪም ኤሌክትሪሻንም የሆኑ ሽማግሌ። ከኪሳቸው የቆዳ መነጽር ቤትና ፒንሳ አይጠፋም፣ የሦስቱንም ቤቶች ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። «እናንተ ስትጮኹብኝ የምትጮኹት በእኔው ሽቦ ነው» ይላሉ። የጸሎት ቤቱ ሰው ደግሞ መምህር ነው። ቀጭን፣ ከወገቡ ጎበጥ ያለ፣ ንግግር ጀምሮ የማይጨርስ፤ ተማሪዎቹ «ነጠላ ሰረዝ» ብለው አውጥተውለታል። የጸሎት ቤቱን የስልክ ገጽ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

የሚሰበሰቡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ውስጥ ነው፤ የተሰበሩ ወንበሮች በሚከማቹበት። መቀመጫ የሚመርጡት እግር ቆጥረው ነው። መጀመሪያ አንዱ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ያስተምራል። ሐጂ የሶላት ሰዓት ከቀን ቀን ለምን እንደሚንሸራተት በብርቱካንና በባትሪ አስረድተዋል፤ ብርቱካኑን በኋላ ተካፍለውታል። ከዚያ ለሰፈሩ የሚጠቅም አንድ ነገር ይመክራሉ፤ ክትባት፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የጠፋ ልጅ። መጨረሻ ላይ ማስታወቂያው ይጻፋል። ለዚህ ጽሑፍ ሕግ አላቸው። አንዱ የጻፈውን ሁለቱ ያነባሉ፤ የወገኑን ጆሮ የሚቆረቁር ቃል ያየ ሰው ቀይ እርሳሱን አንስቶ ይሰርዛል። ምክንያት አይጠየቅም። በዚህ ሕግ ጠብ ቀርቷል። ብዙ ቃልም ቀርቷል።

ያን ሰሞን እትዬ መናኸሪያ ስብሰባውን ልትተወው ቆርጣ ነበር። ድምፅዋ ሰልሏል፣ እግሯ አብጧል። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ታላቅ እህቷ ተኝታለች፤ እናታቸው ስትሞት እሷን አዝላ ያሳደገቻት እህት። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ፤ ደሟን እየጨረሰው ነው። ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ ቀጥሯት ሁለት ጊዜ መልሷታል። «ያለ ደም አንከፍታትም፤ ባንኩ ባዶ ነው» አሉ። ታዲያ የደም ባንኩ መኪና ወደ ሰፈሩ ሊመጣ መሆኑን ስትሰማ መተዉን ተወችው። መኪናው ከሞላ እህቷ ትጠራለች። ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ ዙሩ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ እስኪመለስ እህቷ አትቆይም። ይህን ለሁለቱ አልነገረችም። «ለገዛ እህቷ ሦስት ቤት አሰለፈች» ሲባል በጆሮዋ ይሰማት ነበር፤ ሰፈሩን ታውቀዋለቻ።

ረቂቁን ራሷ ጽፋ መጣች። «ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ በር ባለው ሜዳ ደም እንስጥ» ይላል።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀዩን አነሱ፣ «በቤተ ክርስቲያኑ በር» የሚለውን ሰረዙ።

«ሐጂ፣ ሜዳው እኮ እዚያው ነው።»

«ነው ልጄ፤ ግን የእኛ ሰው በር የሚለውን ሲሰማ ገብተን ነው ወይ ይላል። ከመስጊዱ ፊት ለፊት በዪው፤ እውነት አይደለም?»

እውነት ነው። ጻፈችው። ነጠላ ሰረዝ ጎንበስ ብሎ አነበበውና ሰረዘው። «እትዬ፣ እኔ ምንም የለኝም፣ ግን የእኛ ወጣቶች፣ ማለት ሁለቱ ተጠርተው እኛ ስንቀር፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ቢባልስ፣ እሱም ያው...»

ይህን ደግሞ እሷው ሰረዘችው። የእሷ ምእመናን «ከጀርባ» የሚባል ቦታ አይሄዱም። አንዲቱ ሜዳ በሦስት ስሟ ተጠርታ በሦስቱም ተሰረዘች።

«ታዲያ በመካከላችን ባለው ሜዳ እንበል» አሉ ሐጂ። ሁሉም ደስ አላቸው። ችግር ሆና የቀረችው «ሜዳ» የምትለው ቃል ናት። ሜዳዋ የማን ናት በሚል ከሦስቱ ሁለቱ ቤቶች ማዘጋጃ ቤት ድረስ የሄዱበት ቁስል ገና አልሻረም። ይህን የምታውቀው እትዬ መናኸሪያ ናት። ቀኑን ሙሉ በር ስትጠራ የዋለች ሴት፣ ዓይኗ እየተጨፈነ፣ ቀዩን እርሳስ አንስታ «ባለው ሜዳ»ን በገዛ እጇ ሰረዘች። መሄድና መተኛት ነበር የፈለገችው።

«ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም በመካከላችን ተገናኝተን ደም እንስጥ።» ነጠላ ሰረዝ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጽፈው አያውቁም። በሦስቱም ቤት ተነበበ፤ ሰው «እንዴት ያለ ቃል ነው!» አለ፤ በስልክ ተላላከው፤ ልብና አበባ ዘነበበት። የት ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ቅዳሜ እትዬ መናኸሪያ የንጋቱን ተራ ጨርሳ እየተጎተተች መጣች። ነጩ መኪና ሜዳው መሃል ቆሟል። ነርሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። አጠገቧ ድመት አለ፤ ሌላ ፍጡር የለም።

«ሰዎቹስ?»

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር» አለች ነርሷ ሹራቧን ሳትተው። «እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምቆየው። ሌላም ሰፈር አለብኝ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባች። ሰው ጢም ብሏል! ሴቶቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ መኪናው ዘገየ እኮ፤ በመካከላችን ይመጣል ተብለን ቁጭ ብለናል።»

«ውጭ የቆመውን አላያችሁም?»

«እሱማ የእነሱ ነው።»

ሮጣ ወጣች። ከመስጊዱ በር ሐጂ ሽቦ፣ ከጸሎት ቤቱ ጥግ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁለቱም እየሮጡ ወጥተው ሜዳው ላይ ተገጣጠሙ። በየግቢው ያለው ሕዝብ የራሱን መካከል ይዞ ተቀምጧል። መኪናውን ሁሉም አይቶታል፤ ሁሉም የጎረቤት እንግዳ ነው ብሎ በጨዋ ደንብ አልፎታል።

«ማረሚያ እናውጣ» አለ ነጠላ ሰረዝ፤ ወረቀት ፍለጋ ኪሱን እየዳበሰ። «እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሐጂ አንብበው፣ ከዚያ እትዬ...»

«ቀዩ እርሳስ እኔ ጋ ነው» አሉ ሐጂ።

ይህን ጊዜ እትዬ መናኸሪያ ፈነዳች። «እርሳሱን አምጡልኝና ልብላው! እህቴ ናት! እቤት የተኛችው እህቴ ናት! ይሄ መኪና ባዶውን ከሄደ ሦስተኛ ጊዜ ትመለሳለች፤ አራተኛ የላትም!»

ነርሷ እንኳ ሹራቧን አቆመች። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና ለምን አልነገርሽንም፣ ልጄ?»

«ብነግራችሁ ትሰርዙታላችሁ ብዬ።»

ሐጂ አልተቆጡም። አንገታቸውን ደፍተው እርሳሱን ከኪሳቸው አወጡና ለድመቱ ይመስል መሬት ላይ ወረወሩት። «የኔ ሰዎች እኔን ሰልችተውኛል፤ አርባ ዓመት ሰምተውኛል። አንቺን ግን በመናኸሪያ ያውቁሻል። የእኛ በር ላይ ቁሚና እንደለመድሽው ጥሪ። እኔ የእናንተን ማጉያ እከፍታለሁ፤ የማብሪያው ቁልፍ እንደሚነዝር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንተ...»

«እኔ ዘማሪዎቹን፣ ማለት ከፊት ሆኜ...»

«አዎ፣ ውጣና ጨርስ!»

እትዬ መናኸሪያ መስጊዱ በር ላይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ቆመች። ማይክሮፎን የላትም። የቀራትን ጉሮሮ ሰበሰበችና ለቀቀችው። «ደም ሰጪዎች! ደም ሰጪዎች! ነጩ መኪና ሊነሳ ነው! መነሻው ይህች ፊት ለፊታችሁ ያለችው ሜዳ ናት! ሻንጣ አያስፈልግም፣ ክንድ ብቻ ይዛችሁ ኑ!» ግቢው ውስጥ ሳቅ ተነሳ። «መናኸሪያዋ ናት! ኧረ መናኸሪያዋ እኛ ጋ መጣች!» እየሳቁ ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ የሐጂ ሽቦ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ አንዲት ባልቴት «ስምንተኛው ሺህ!» ብላ አማተበችና፣ እጅጌዋን እንደጠቀለለች ከሁሉ ቀድማ ሜዳው ላይ ተገኘች። ጸሎት ቤቱ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል እየሾለከ መጣ፤ ነጠላ ሰረዝ ከፊት፣ ሱሪው በሽቦ ተቀዶ።

ነርሷ እጇ አልበቃ አላት። ሰልፉ እየተጠማዘዘ ማን ከየትኛው ቤት እንደወጣ ጠፋ። ሰው ተራ ሲጠብቅ ማማቱ አይቀርም፤ የማን ቄስ ያስረዝማል፣ የማን ፓስተር ይጮኻል፣ የማን ኢማም ቤት ሊቀይር ነው፣ ሁሉም ተወራ።

ሦስቱ ጠሪዎች ግን ጠብታ አልሰጡም። ሐጂን ነርሷ «በዕድሜ ምክንያት አይቻልም» ስትላቸው «ደሜ ጡረታ ወጣ በይኛ!» ብለው ተቀየሙ። ነጠላ ሰረዝ መርፌውን ሲያይ መውደቅ ጀመረና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረውን ጨረሰ፤ እግሩን ዘርግቶ ወደቀ። እትዬ መናኸሪያን ነርሷ የዓይኗን ሽፋን ገልጣ አየቻትና «አንቺ ራስሽ ሰጪ ያስፈልግሻል፤ ሂጂ ተኚ» አለቻት። አልሄደችም። የመኪናው ጎማ ላይ ተደግፋ የመጨረሻው ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ አየች። ነርሷ በሩን ስትዘጋ አውራ ጣቷን አሳየቻት።

በሳምንቱ አጋማሽ ሆስፒታሉ ደወለ። ድምፅ ሙሉ በሙሉ ስለጠፋት «እህ» ብቻ እያለች ሰማች። ማይክሮፎኑን ትታ ቲኬት ስትቆርጥ ውላ አመሻሽ ላይ ስትመለስ እህቷን ትራስ ተደግፋ ግድግዳ ስታይ አገኘቻት።

«ነገ ትገቢያለሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «ደሙ ሞልቷል።»

 እህቷ «ሚጢ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሁለቱንም ጊዜ ሲመልሱኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ቢላዋውን እፈራለሁ። አሁንም ይራዘማል ብዬ ተረጋግቼ ነበር የተኛሁት።»

በሌላ ቀን ቢሆን እትዬ መናኸሪያ ጣሪያ የሚነቅል ነገር ትናገር ነበር። አሁን ጉሮሮም የለ፣ ጉልበትም የለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ጎኗን አሳረፈች፣ ከዚያ ከነጫማዋ ከእህቷ አጠገብ ተዘረጋች።

«ሦስት ቤት ሰው ነው ያስጠራሽኝ» አለች ዓይኗን ጨፍና። «እንዳትፈሪ።»

«እሺ። አልፈራም።» ትፈራ ነበር፤ ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። በክርኗ ተደግፋ ተነሳች፣ ግድግዳውን ይዛ ወደ ግርጌ ዞረች፣ ያበጠውን የታናሿን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ የጫማውን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው ጠብቋል። በጥርሷ ሳበችው።